ግራ እጇን ያሰሩባት ክረምት

እህቴ ያረፈችው በሐምሌ ነው። ተስቦ ነው አሉን። ይህን አንድ መስመር ጽፌ ብዙ ቆየሁ። ስለ እሷ መጻፍ በጀመርኩ ቁጥር እጄ የሚሄደው ወደ እሷ አይደለም፤ ወደ አንዲት ሌላ ልጅ ነው። እንግዲህ ስለዚያች ልጅ ልጻፍ። ምናልባት በዚያ በኩል እህቴ ጋ እደርስ ይሆናል።

እህቴ ጭድ ተራ ውስጥ ሕፃናት ታስተምር ነበር። ትምህርት ቤት ብዬ ብጠራው ስሙ ይበዛበታል። የአንድ ጭድ ነጋዴ መጋዘን ነው፤ ግማሹ እስከ ጣሪያው ጭድ፣ ግማሹ ልጆች። በመሀል ጆንያ ሰፍታ እንደ መጋረጃ ሰቅላበታለች። ከዚያ በፊት ፒያሳ አካባቢ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት ሆና ሠርታ ነበር። ልጅ መጻፍ የሚጀምረው እርሳስ ሲይዝ ሳይሆን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው የሚለውን ነገር ከዚያ ታምጣው ወይም ራሷ ታግኘው አላውቅም። አልጠየቅኳትም። ይጠየቃል ብዬም አላሰብኩም።

ልጆቹ አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው የገበያው ልጆች ናቸው። ክፍሏ ክረምትም አትዘጋም ነበር። ገበያው ክረምት ስለማይዘጋ፣ እናቶቹና አባቶቹ ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡበት ሌላ ቦታ የላቸውም።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ አንድ ሰው ቤታችን መጣ። አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ሴት ልጁ እህቴ ጋ ትማር ነበር። ለቅሶው ላይም ነበረ። እንደገና «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። እናቴ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ነበረች። ሰውየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያዞር ጀመር።

በመጨረሻ ክፍሏ ትዘጋ እንደሆነ ጠየቀ። ከዕንቁጣጣሽ በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤቱ ምዝገባ አለ። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ስሙን ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ ይጠየቃል። ቦታው ጥቂት፣ ሰው ብዙ ነው፤ ያልጻፈ ይመለሳል። የእሱ ልጅ ዘንድሮ ካልገባች ግን ቤት ትቀራለች። ከእሷ በታች ሕፃናት አሉ፣ እናቷ አጋዥ ትፈልጋለች፣ እሱም ለሴት ልጅ ሁለት ዓመት ደጅ አይጠናም። ይህን ሲናገር ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። የደከመው ሰው ነው የሚመስለው።

«አንተ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሃል አይደል?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ። የማትሪክ ውጤት እየጠበቅኩ ነው።»

«እስኪመጣ ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለህ ግድግዳ ታያለህ?»

እኔ እናቴን አየኋት። እሷ ቀና አላለችም። «ይሂድ» አለች። «እዚህ ተቀምጦ ምን ያደርግልኛል።»

በማግስቱ ክፍሏን ከፈትኩ። ዝናብ የነካው ጭድ ሽታ አለው፤ ቁልፉን ሳዞር ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። የእህቴ ልብስ ሁልጊዜ ይህን ይሸት ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ ልጆቹ በጭቃ እግራቸው በአጠገቤ እየተጋፉ ገቡና ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

ጥቁር ሸሚዜን አዩት። አንዱ «እትዬ መቼ ነው የሚመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መልስ ሳዘጋጅ ከጎኑ ያለው ልጅ «ሞተዋል እኮ» አለው፣ አንድ ትንሽ ስህተት እንደሚያርም ሰው። የጠየቀው ልጅ «እሺ» አለ።

እኔ የማውቀው እኔ የተማርኩበትን መንገድ ነው። ሰሌዳው ላይ ፊደሉን ጻፍኩና በሉ አልኳቸው። ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳይስቱ፣ ጣሪያውን ከሚደበድበው ዝናብ በላይ ጮኸው አሉት። ደስ አለኝ። ቀላል ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ መሀል ላይ አንዱን ፊደል በእንጨት ነክቼ «ይሄስ?» አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ጣቷን እያንቀሳቀሰች ከሀ ጀምራ በሹክሹክታ መቁጠር ያዘች። ዜማውን ያውቁታል፤ ፊደሉን ግን በመልኩ የሚለዩት ጥቂት ነበሩ።

እንግዲያው ይጻፉት ብዬ እርሳስና ወረቀት አደልኩ። አንዱ እርሳሱን እንደ ጩቤ ጨብጦ ወረቀቱን ቀደደው። ሌላው ጫፉን ሰበረ። የቀሩት ይዘውት ያዩኛል።

«ምነው?» አልኩ።

ቅድም ስለ እህቴ የጠየቀው ልጅ ነው የመለሰልኝ። «ጋሼ፣ ጣታችን አልነቃማ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። እነሱ ግን ለእኔ ለማስረዳት ጊዜ አላጠፉም። ተነሥተው ከጆንያው ጀርባ ሄዱና እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዘለላ ጭድ መዘው ተመለሱ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል ያሽከረክሩታል፤ ከዚያ በጥፍራቸው ሳይሰብሩ ለሁለት ይሰነጥቁታል። ፊታቸው ኮስተር ብሏል። ይህ ሲያልቅ በባልዲ ያለ ጭቃ አለ፤ ሰው ግድግዳ ሊመርግ ጭድ እንደሚቀላቅልበት እነሱም ቀላቅለው ያቦኩታል፣ ያድቦለቡሉታል፣ እንደ ገመድ ያንከባልሉታል። ከዚያ በጭድ ፊደል ይሠራሉ። ሁለት ዘለላ ተሻግረው ሲቀመጡ ተ ነው። ሁለት ቆመው አንዱ ከላይ ሲጋደም በ ነው። ቀጥሎ በትልቁ ገበቴ አሸዋ ላይ በጣት። ከዚያ ጠመኔ።

«እርሳስስ?» አልኩ።

«እርሳስ መጨረሻ ነው» አለች አንዷ። ከዚያ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ «ፊደል ከራሱ ጀምሮ ነው የሚወርደው፤ ከእግሩ ጀምሮ የሚወጣ ፊደል አላየሁም» አለችኝ።

ድምፁ የእህቴ ነበር። አንገቱም የእህቴ ነበር። ደጅ ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። የመጋዘኑ ባለቤት ከሱቁ ሆኖ አየኝና ፊቱን አዞረ።

ስመለስ ነው ልጅቷን ያየኋት። የአቡጀዲ ነጋዴው ልጅ አግዳሚው ጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጭድ አልመዘዘችም፣ ጭቃም አልነካችም። የሹራቧ ግራ እጅጌ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ወድቃ ተሰብራ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። አልተሰበረችም። ግራ ናት። አባቷ አስረዋት ነው። እትዬ በነበሩ ጊዜ አትታሰርም ነበር። ጫፉ ላይ የምትቀመጠውም ክርኗ ከጎረቤቷ ክርን ጋር እንዳይጋጭ እትዬ የሰጧት ቦታ ነው። ወረቀት ሲሆን ደግሞ ለእሷ በሌላ ጎን ይጋደማል። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እሷ መሬት መሬት ታያለች።

ቀስ ብዬ ሹራቧን ከፍ አደረግኩት። የአቡጀዲ ቅዳጅ ነው። ከግራ አንጓዋ ይነሣና በወገቧ ዞሮ፣ በቀኝ ትከሻዋ ላይ ወጥቶ፣ ጀርባዋ ላይ ተቋጥሯል። በቀኝ እጇ እንዳትፈታው ነው። ቋጠሮው በጥንቃቄ የተሠራ ነበር፤ እንዳያማት ከሥሩ ጥጥ አድርጎበታል። ይህ ጥጥ ነው እስከ ዛሬ ግራ የሚያጋባኝ።

ጠመኔ በቀኝ እጇ ሰጠኋት። ያዘችው። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፊ ብላት ከታች ወደ ላይ አንድ መስመር አወጣች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ጠመኔው ተሰበረ። ሁለተኛ ሰጠኋት፤ ያም ተሰበረ። ሦስተኛውን አልተቀበለችኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ገበቴው ፊት ስትቀመጥ አሸዋውን በመዳፏ መደልደል ብቻ ሆነ ሥራዋ። ሌሎቹ የጻፉትንም ታጠፋባቸው ነበር። ተጣሏት።

ነሐሴ እየሄደ ነው። ሌሎቹ ልጆች ስማቸውን በጭድ፣ ከዚያ በአሸዋ፣ ከዚያ በጠመኔ መጻፍ ያዙ። እሷ ምንም። አባቷ ማታ ማታ ሊወስዳት ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ናት?» ይለኛል። እኔ «እየሞከረች ነው ጋሼ» እላለሁ። ፊቴን ያየኛል። አላመነኝም።

አንድ ቀን እራት ላይ ነገሩን ለእናቴ ነገርኳት። የነገርኳት ዝምታው ስለከበደኝ ነው እንጂ መልስ ፈልጌ አልነበረም። እናቴ ቁራሹን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«እህትህም ግራ ነበረች» አለች።

እህቴ በቀኝ ነበር የምትጽፈው። ይህንኑ አልኳት።

«አስሬያት ነዋ። አባትህ እኔ ላይ ጣለው፣ እኔም አሰርኳት። ቄሱ ዘንድ በግራ ብትጽፍ ይገርፏት ነበር። ብዙ አለቀሰች። በኋላ ተወችው። ጽሕፈቷ ደግሞ ያምራል፤ አይተኸዋል።»

አይቼዋለሁ። ያምራል። ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላውን በግራ ትይዝ እንደነበርም አሁን ነው ያስታወስኩት። ድንጋይም በግራ ነበር የምትወረውረው። በሕይወቴ ሙሉ አይቼው አላየሁትም።

«ጎዳኋት ወይ?» አለችኝ እናቴ።

 አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፤ አሁንም አላውቅም። እናቴ ቁራሹን መሶቡ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ልጆቹን ለጭድ ነጋዴው ሚስት አደራ ብዬ ወደ ጨርቅ ሻጮቹ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው፤ ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ይጋፉኛል። ሱቆቹ ደጃፍ ለደጃፍ ናቸው። አንዱ ጎረቤት ነጋዴ ከሩቅ አይቶኝ «ይኸው፣ የጭድ ዩኒቨርሲቲው መምህር መጣ» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «እኛንም መዝግበን፤ ጭቃ ማቡካት እንደሆነ እንችላለን» አለ። ሳቁ። አባቷ አልሳቀም። አቡጀዲ እየለካ ነበር፤ ክንዱን ዘርግቶ ይለካል፣ ጫፉን በጥርሱ ይነክስና ሽር አድርጎ ይቀደዋል።

ገዢው እስኪሄድ ጠበቅኩ። ከዚያ «ጋሼ፣ እጇን ይፍቱላት» አልኩት።

ጨርቁን አጥፎ መደርደሪያው ላይ አኖረ።  እሱም ሌሊት እንደማይተኛ፣ ልጁ በእሱ ላይ እንዳኮረፈች፣ ምግብ በቀኝ ስትበላ እንኳ እጇ የሌላ ሰው እንደሚመስል ነገረኝ። ግን ሰው ምን ይላል። እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ በግራ የሚጽፍ ልጅ አይቼ አላውቅም አለ። ገና በሩ ላይ ይመልሷታል። ቢያስገቧትም መምህሩ በማስመሪያ ጣቷን ይመታል።

«እህትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አፏ ማር ነበር። በመጣሁ ቁጥር ትመልስልኝና አምኜ እሄዳለሁ። ቤት ስደርስ ደግሞ እፈራለሁ። በማግስቱ ተመልሼ እመጣለሁ። አሁን ማን ጋ ልመለስ? አንተ ጋ?»

እኔ እህቴ ምን ብላ ታሳምነው እንደነበር አላውቅም። የልጆቹን ነገርኩት። ክርኗ እንዳይጋጭ ቦታ እንደሰጠቻት። ወረቀቱ በሌላ ጎን እንደሚጋደም። ከታሰረች ወዲህ በቀኝም እንደማትጽፍ፣ በግራም እንደማትጽፍ። ንግግሬ ተቆራረጠ። ጎረቤቶቹ ሥራቸውን ትተው ይሰማሉ።

«በዚያ ክፍል ውስጥ የፈለግከውን አድርግ» አለኝ በመጨረሻ። «ጠዋት ትፈታታለህ፣ ስትወጣ ታስራታለህ። በምዝገባው ቀን ግን እኔ አስሬ አመጣታለሁ። በቀኝ ትጽፋለች።»

ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲያ የክፍሉ ጠዋት የሚጀምረው በቋጠሮ ሆነ። ስትገባ ጀርባዋን ትሰጠኛለች፤ እፈታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ግራ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አየችው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፋ ዘረጋች። ልጆቹ አንድ ዘለላ ጭድ አመጡላት። ሰነጠቀችው። ሌላ አመጡላት። ያን ቀን ጭድ ስትሰነጥቅ ዋለች፤ ማንም ተይ አላላትም።

እርሳስ አላቀረብኩላትም። ሰሌዳም አላልኩም። ጭቃ አቦካች። የጭቃ ገመድ አንከባልላ የስሟን ፊደሎች ሠራች፤ የስሟ ፊደሎች ሦስት ናቸው። አሸዋው ላይ በጣቷ መጻፍ ስትጀምር መስመሩ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች፣ ሳይንቀጠቀጥ ወረደ። የጳጉሜን ጠበል ዝናብ ሲዘንብ በጠመኔ ትጽፍ ነበር።

ግን ማሰሩ የእኔ ነው። አመሻሽ ላይ ልትወጣ ስትል ተመልሳ ጀርባዋን ትሰጠኛለች፣ ሳልጠራት። እጇን ራሷ ወደ ወገቧ ትወስድልኛለች። አላልቼ እቋጥራለሁ። እናቴም እንዲህ አላልታ ቋጥራ ይሆን ብዬ አስባለሁ። በቀኝም ትለማመድ ነበር፤ ለአባቷ የገባሁት ቃል ነውና። የቀኙ ፊደል ይወጣል፣ ግን ከእግሩ ጀምሮ ነው የሚወጣው፣ መሀል ላይ ይወላገዳል። አንዳንድ ቀን ይነበባል። አንዳንድ ቀን አይነበብም። ምዝገባው ቀን የትኛው እንደሚሆን ማንም አያውቅም። 

የምዝገባው ጠዋት ያካፋል። የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰልፉ ከመስኮቱ ሥር ጀምሮ እስከ በሩ ደርሷል። በእኛ አገር ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በጆሮው ነው። ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ የከርሞ ሰው ይበለው ይባላል። ሰልፉ ላይ ያለው ወላጅ ሁሉ ልጁን ጆሮ እያስነካ ነው። አንዷ እናት የልጇን ክንድ ይዛ ትስባለች፣ በዚያች ሰዓት የሚረዝም ይመስል። ልጁ «እማዬ ይነቀላል» ይላታል።

አባቷ አዲስ ኮት ለብሶ ነበር። ልጅቷ ሹራቧ ላይ ካፖርት ደርባለች። ከፊት ከፊቷ እየገፋ ያመጣታል። ሲያየኝ «ጠበቅ አድርጌያታለሁ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ መልካም ዜና እንደሚናገር።

ወረፋችን ደረሰ። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ፣ ከጀርባው የጃንሆይ ፎቶግራፍ፣ ከጎኑ ትንሽ ሰሌዳ። የሚመዘግቡት ሸምገል ያሉ መምህር ናቸው፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዷል። ቀና ሳይሉ «ጆሮሽን ያዢ» አሏት።

ቀኝ እጇን አነሣች። በራሷ ላይ አሳለፈች። ጣቶቿ ፀጉሯ ላይ ቆሙ። ከጆሮዋ በላይ አንድ ጣት ያህል ቀራት።

መምህሩ አሁን ቀና አሉ። «ድገሚ።»

ደገመች። ከንፈሯን ነክሳ ተንጠራራች። እዚያው ላይ ቆመ።

«ገና ናት። ለከርሞ ይዘዋት ይምጡ።»

አባቷ ተንተባተበ። ስድስት ዓመት አልፏታል፣ ቤት ውስጥ ሲሞክሯት ትይዛለች፣ ትናንት ማታም ይዛለች። ከኋላችን ያለው ሰው «ኧረ ወረፋ አታቁሙ» አለ። መምህሩ ሁሉም ወላጅ እንዲሁ እንደሚላቸው ተናገሩና ብዕራቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ።

ያኔ ነው የካፖርቷ አንገት ሥር ነጩን ጨርቅ ያየሁት። ቀኝ ትከሻዋ ላይ ተወጥሯል። ትናንት ማታ ስትሞክር የታሰረችው በእኔ የላላ ቋጠሮ ነበር። ዛሬ ግን እጇ እንዳይነሣ የያዛት ያ ግራ እጇን ያሰረው ጨርቅ ነው።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ቋጠሮው ነው።»

አልሰማኝም መሰለኝ። ደግሞ አልኩት። ሰምቶኝ ኖሯል፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ቢፈታት ግራ እጇ ይወጣል። ባይፈታት ትመለሳለች። ጠረጴዛውን አየ፣ ልጁን አየ፣ እኔን አየ። መምህሩ «ቀጣይ» አሉ።

አባቷ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፣ በአዲሱ ልብሱ። ካፖርቷን ከፍቶ ሹራቧን ከፍ አደረገ። ቋጠሮው በካፊያው ርሶ ጠብቋል፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት። ጎንበስ ብሎ ጨርቁን በጥርሱ ያዘና ሽር አድርጎ ቀደደው። ድምፁ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ድምፅ ነው። 

«አሁን ያዢ» አላት።

ያዘች። ጆሮዋን ጨብጣ ቆመች፤ እንዳይጠራጠሩባት ይሁን፣ አልለቅ አለች። መምህሩ ጨርቁን አዩት፣ አባቷን አዩት። ጠመኔ ሰጧት። «ስምሽን ጻፊ።»

በቀኟ ተቀበለች። አባቷ ተነፈሰ። ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ከታች ወደ ላይ አወጣች፤ መሀል ላይ ተወላገደ። ቆመች። እኔ መሬት ማየት ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። የጻፈችውን በእጅጌዋ አጠፋች። ግራ እጇ ደንዝዞ ነበር መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ አራገፈችው። ከዚያ ጠመኔውን ወደ ግራዋ አዛወረች። አባቷን አላየችም።

ሦስቱን ፊደሎች ጻፈች። እያንዳንዱ ከራሱ ጀምሮ ወረደ። ስትጨርስ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

«ግራ ናት እንዴ?» አሉ መምህሩ።

አባቷ ወደ እኔ ዞረ። ሰልፉም ወደ እኔ ዞረ። 

«በቀኟ... በቀኟም ትሞክራለች» አልኩ። «ግን ቀኟ ገና ነው። ግራዋ ደርሷል። ብትታሰር ሁለቱንም ነው የምታጣው። አይቻለሁ፤ አጥታም ነበር። ቦታዋ ጫፍ ላይ ከሆነ ማንንም አትገፋም። ሌላ ምንም አትፈልግም።»

«አንተ ማነህ? ወንድሟ ነህ?»

«አስተማሪዋ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጢሜ በደንብ አልበቀለም ነበር፤ የለቅሶ ሸሚዜም ጠቦኛል። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም። መዝገቡን ወደ እሳቸው ሳቡና በጣታቸው ከዓምድ ወደ ዓምድ ሄዱ።

«እዚህ የሚጠይቀኝ ስም፣ ዕድሜ፣ የአባት ስምና ሰፈር ነው» አሉ። «እጅ የሚል የለም።» ስሟን ጻፉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ለአባቷ የክፍሉ መምህር ሌላ ሰው መሆኑን፣ እሱ ምን እንደሚላት እሳቸው ማወቅ እንደማይችሉ፣ ሰኞ ጠዋት ከልጅቷ ጋር መጥቶ ራሱ ቢያናግረው እንደሚሻል ነገሩት። «ይህን ልጅም ይዘውት ይምጡ» አሉ፣ በብዕራቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «ቀጣይ።»

ከግቢው ወጥተን ከአባቷ ጋር ጎን ለጎን ሄድን። ጉልበቱ ላይ ጭቃው እንዳለ ነው። ልጅቷ ከፊታችን ትሄዳለች፤ ሁለቱንም እጆቿን እያወዛወዘች።

«ምግብ በቀኟ ትብላ» አለኝ በመጨረሻ። «ጽሑፉን ትቻለሁ። ምግብ ግን በቀኟ። ሰው ቤት ታሳፍረኛለች።»

«እሱን ከእሷ ጋር ይነጋገሩ፣ ጋሼ።»

ልጅቷ ዞራ «ማንኪያስ?» አለች።

አባቷ ቆመ። አሰበበት፤ በእውነት አሰበበት። «ማንኪያ...» አለና እኔን አየኝ፤ መልሱ እኔ ጋ ያለ ይመስል። ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከእነሱ ተለይቼ በፍጥነት ወደ ቤት አመራሁ። እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል። መምህሩ ያሉትን፣ አባቷ ጭቃ ላይ መንበርከኩን፣ የማንኪያውን ነገር እንዴት አድርጌ እንደምናገረው በልቤ አዘጋጃለሁ። ከየቱ ልጀምር? ከማንኪያው ብጀምር አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቀድማ ትስቃለች፤ ከጆሮው ይሻላል። የሰኞውንም፣ ለዚያ ሌላ መምህር ምን ማለት እንዳለብኝ እጠይቃታለሁ እያልኩ ነበር። ሲኒማ ራስ ጋ መንገድ ልሻገር ስቆም ነው ማንን ልነግር እየሮጥኩ እንደሆነ የታወቀኝ።